ፈጣን ዙር፤ ባልና ሚስት በቁንዝላ አውድማ ላይ ቫልስ እንደ ተማሩ

በዚህ ገጽ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እንግዳ አቀባበል ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አንብበናል። ባልና ሚስት ተያይዘው ስለሚዞሩት ዳንስ ግን የተጻፈ አላየንም። እኛም የልጃችን ሠርግ ባያስገድደን ኖሮ በዚህ ነገር ብዕር ባላነሣን ነበር። ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው፤ በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከፊደል እስከ ጾመ ድጓ፥ ቀጥሎም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና ጂኦግራፊ ተምረናል፤ ዕድሜያችንም አርባን አልፎ ወደ አምሳ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሰው በአደባባይ ሚስቱን አቅፎ እንደ እንዝርት ይሾራል ብሎ የገመተ አልነበረም፤ ከሁሉ ይልቅ እኛው ራሳችን አልገመትንም።

ነገሩ የተጀመረው በመስከረም ነው። የበኵር ልጃችንን ያጨው ጎልማሳ ወላጆች በባሕር ዳር የሚኖሩ፥ ዘመናዊ ትምህርት የተማሩ ሰዎች ናቸው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ከተስማማን ወዲያ ልጃችን ወደ ቁንዝላ መጥታ፥ ቡና በተፈላበት ሰዓት፥ እየፈራች እንዲህ አለችን፤ «አባባ፥ ማታ በአዳራሹ መጀመሪያ እኛ ሙሽሮቹ ቫልስ እንዞራለን፤ ቀጥሎ የእሱ አባትና እናት ይነሣሉ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ አይደለም፤ ግን ያን ጊዜ እማማን ተቀምጣ እንዳላያት ፈራሁ።» ባለቤታችን ይህን ሲሰሙ ስኒውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከምን እንደ መጣ እናውቃለን። በሃያ ሦስት ዓመት ትዳር ውስጥ በማንም ሠርግ ላይ ከእኛ ጋር አንድ ቀን እንኳ እስክስታ ወርደው አያውቁም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ተነሣ እንጂ» ይሉን ነበር፤ እኛም ጸሐፊ ነንና ከሽማግሌዎች ጋር መቀመጥ ይገባናል ስንል ኖረን፥ ኋላ መጠየቁን ተዉት።

ቫልስ ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት እንግለጽ። ቃሉ ከጀርመንኛ የመጣ ነው፤ መዞር፥ መንከባለል ማለት ነው። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን ከባላገር ጭፈራ የተወለደው ይህ ዳንስ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ መሳፍንት አዳራሽ ገባ። ቀድሞ መኳንንቱ ሲጨፍሩ ተራ ገብተው እጅ ለእጅ ብቻ ይነካኩ ነበርና፥ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ተቃቅፈው መዞራቸው እንደ ታላቅ ነውር ተቈጠረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1816 ዓ.ም. በሎንዶን፥ ስለ ንጉሡ ሆኖ ያስተዳድር የነበረው ልዑል ባደረገው ግብዣ ላይ ቫልስ በተጨፈረ ጊዜ፥ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ እጅግ ተቈጥቶ ጽፏል። ይህን ስናነብ ኀፍረታችን ጥቂት ቀለለልን፤ የእንግሊዝ ጋዜጣ ካፈረ የቁንዝላ ጸሐፊ ማፈሩ ምን ይደንቃል! በ1867 ዮሐን ሽትራውስ በዳኑብ ወንዝ ስም ያዘጋጀው ቫልስ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ ዞረ። ርእሱ ወንዙን ሰማያዊ ይለዋል። የእኛንም ዓባይ የውጭ አገር ሰዎች ሰማያዊ ይሉታል፤ በክረምት ግን ምን መስሎ እንደሚወርድ ያየው ሰው ያውቃል።

ወደ አገራችን የአውሮፓ ሙዚቃ በብዙ መንገድ ገብቷል። ራስ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም አግኝተው ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በአዲስ አበባ የነፋስ መሣሪያ እንደ ተጫወቱ፥ መሪያቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። የእኛ መምህር ግን የቀሰሙት በሌላ በር ነው። በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. ሲከፈት ከተማሩበት ወጣቶች አንዱ እኒህ ሰው ናቸው። ኋላም ለተጨማሪ ትምህርት ወደዚያው አገር ተልከው፥ በዚያ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ ቫልስ መዞር ልማድ ነውና፥ ከሞተር ትምህርት ጋር ዳንሱንም ይዘው ተመለሱ። በጣና ላይ በሚመላለሱ ጀልባዎች በመካኒክነት አርጅተው ዛሬ በቁንዝላ በጡረታ ይኖራሉ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን።

ሄደን ጉዳያችንን ስንነግራቸው እንዲህ አሉን፤ «ልጄ፥ ሚስትህን ልታዞራት ከሆነ አሳብህ፥ ከዚሁ ተመለስ። ሁለታችሁም ልትዞሩ ከሆነ ግን ነገ ማታ ኑ።» ልዩነቱ ያን ጊዜ አልገባንም።

የሥራው አካሄድ እንዲህ ነው። የቫልስ ምት በሦስት ይቈጠራል፤ በአንድ ረዥም ርምጃ፥ በሁለት ወደ ጎን፥ በሦስት እግርን ማጋጠም ነው። በነዚህ ሦስት ርምጃዎች ግማሽ ዙር፥ በስድስቱ ሙሉ ዙር ይፈጸማል። ወደ ቀኝ በሚዞሩበት ጊዜ ባል በቀኝ እግሩ በሚስቱ እግሮች መካከል ወደ ፊት ሲገባ እርሷ በግራዋ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ በሚቀጥሉት ሦስት ርምጃዎች ደግሞ እርሱ በግራው ሲያፈገፍግ እርሷ በቀኟ ትገባለች። ቀስ ባለው ቫልስ በደቂቃ 90 ያህል ምት ስለሚመታ ለማሰብ ጊዜ አለ። የቪየና በሚባለው ፈጣኑ ቫልስ ግን ምቱ እስከ 180 ይደርሳል፤ ይኸውም በሁለት ሴኮንድ አንድ ሙሉ ዙር፥ በደቂቃ 30 ዙር ማለት ነው። በዚህም ላይ ጥንዶቹ በራሳቸው እየዞሩ አዳራሹንም ይዞሩታል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት መምህራችን ምድር በራሷ እየዞረች ፀሐይን እንደምትዞር በብርቱካንና በፋኖስ ያሳዩን ነበር፤ ያን ጊዜ ብርቱካኑን ለመብላት ስንቋምጥ ያመለጠን ትምህርት በዚህ ዕድሜያችን ገባን።

በጥቅምት በጋሼ ቤት ውስጥ ቀስ ባለው ጀመርን። በኅዳር መጀመሪያ አውድማቸው ለአጨዳው በእበት ተለቅልቆ እንደ ጠረጴዛ ስለ ለሰለሰ፥ እህል ሳይወጣበት ወደዚያ ወጣን። በዚያ ላይ ሳለን ጋሼ የተጠመዱ በሬዎችን ምሳሌ አመጡልን። በሬዎች አውድማ ሲዞሩ በመሐል በኩል ያለው በሬ በትንሽ ርምጃ ይዞራል፤ የዳሩ በሬ ግን ሰፊውን መንገድ ይሄዳል። «በቫልስ» አሉ ጋሼ፥ «በሬዎቹ በየሦስት ርምጃው ቦታ ይለዋወጣሉ። ወደ ኋላ የሚሄደው ለጊዜው የመሐል በሬ ነውና ርምጃውን አሳጥሮ መንገድ ይልቀቅ። ወደ ፊት የሚገባው የዳር በሬ ነው፤ ያስረዝም።» እኛ ወደ ፊት ሲሆን በሚገባ እንረዝም ነበር፤ ወደ ኋላ ሲሆን ግን ማሳጠሩን አልወደድነውም፤ ባለቤታችንም የሚገቡበት ስፍራ አጥተው በየጊዜው እግራችንን ይረግጡ ነበር። እኛም «ቈጠራው ጠፍቶብሻል» እንላቸው ነበር።

ከዚህም የባሰ አለ። አውድማው ለመንገድ ቅርብ ነውና ከገበያ የሚመለስ ሁሉ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ያየናል፤ ልጆችም ይስቃሉ። ስለዚህ ሰው ሲያልፍ ባየን ቍጥር ባለቤታችንን በክንዳችን ርዝመት ያህል አርቀን እንይዛቸው ነበር። ሁለት ሰዎች ሲዞሩ መሐላቸው የማይታይ ወጋግራ እንዳለ ይቈጠራል፤ ከዚህ ወጋግራ በራቁ መጠን ዙሩ ወደ ውጭ ይወረውራቸዋል። ቀኝ ጎንና ቀኝ ጎን ተቀራርቦ፥ የባል ቀኝ እጅ በሚስት ትከሻ አጥንት ላይ ጸንቶ ካልያዘ ፈጣን ዙር አይሆንም። አንድ ማታ ከምናውቃቸው ባለ ጉዳዮች ሁለቱ በመንገድ ብቅ አሉ፤ እኛም በዙሩ መካከል እጃችንን አላላን። ባለቤታችን ተወርውረው ወደቁ፤ የቀኝ እጃቸውም አንጓ በዚያው ሌሊት አበጠ። ወጌሻ አሸልን። እርሳቸውም «በቃኝ» ብለው ሁለት ሳምንት ወደ ጋሼ ቤት አልሄዱም፤ ከእኛም ጋር ከእህልና ከውሃ በቀር ሌላ ነገር አልተነጋገሩም።

ብቻችንን ወደ ጋሼ ሄደን «ባለቤታችንን ያዞራቸዋል መሰል፥ ስለዚህ ወደቁ» አልናቸው። በየቀኑ የሰው ክስና መልስ የምንጽፍ ሰዎች ሆነን፥ ምስክር ሳንሰማ የጻፍነው ፍርድ ይህ ነው። ጋሼም ባለቤታችንን አስጠርተው፥ ሁለታችንም ለየብቻ በስፍራችን እንድንዞር አዘዙ። ባለቤታችን የታሸውን እጃቸውን በነጠላቸው እንደ ጠቀለሉ አሥር ጊዜ ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙ። እኛ በአራተኛው ዙር አጥር ያዝን። ሰማይና ጣና ቦታ ተለዋውጠው ታዩን።

የዚህ ምክንያት በጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውሃ መሳይ ነገር የሞላባቸው ሦስት እንደ ቀለበት ጐበጥ ያሉ ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ራስ ሲዞር ውሃው ጥቂት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰው ሲቆም ደግሞ ውሃው ጉዞውን ገና አይተውም፤ በቦዩ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ጠጕሮች ያዘነብላል፤ አንጎልም «ገና እየዞርን ነው» የሚል ወሬ ይደርሰዋል። በጣሳ ውሃ ቀድቶ ጣሳውን አዙሮ በድንገት ያቆመ ሰው ነገሩን በዐይኑ ያያል። በሎንዶን የኢምፔሪያል ኮሌጅ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት 29 የባሌት ዳንስ ሴቶችንና 20 ቀዛፊ ሴቶችን በጨለማ ክፍል በሚዞር ወንበር ላይ አስቀምጠው መርምረዋል፤ ወንበሩ ከቆመ በኋላ የመዞሩ ስሜት ከዳንሰኞቹ ቶሎ ጠፋ፥ በቀዛፊዎቹ ላይ ግን ቈየ። የዳንሰኞቹ አንጎል በብዙ ልምምድ ከጆሮ የሚመጣውን ወሬ ቸል ማለት ተምሯል ማለት ነው። በቁንዝላ ቀዛፊ ሞልቶናል፤ መቅዘፍ ለዚህ እንደማይረዳ ስናውቅ ጥቂት አዘንን።

መድኃኒቱም መለማመድ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት፥ ከሆድ ሙላት በፊት፥ ራስን ቀና አድርጎ። ጀማሪ መሬቱን አይመልከት፤ ግድግዳውም ይሮጣልና ዐይኑን በጓደኛው ፊት ላይ ያሳርፍ፤ አብሮት የሚዞር እርሱ ብቻ ነውና አይሸሽም። ማዞር ሲጀምረው ደግሞ ሳይቆም ወደ ግራ ይመለስ። ስለ ጫማም እንናገር፤ እኛ በጎማ ጫማ ስንዞር ጫማው መሬቱን እየያዘ ጕልበታችንን ጠመዘዘው። ሶሉ የቆዳ ሆኖ የሚንሸራተት ይሻላል፤ ክብደትም ተረከዝ ላይ ሳይሆን በውስጥ እግር የፊት ክፍል ላይ ይሁን።

በዚያ ማታ ወደ ቤት ስንመለስ፥ በመንገድ ላይ፥ እጃችንን ያላላነው ሰው አይቶን እንደ ሆነ ለባለቤታችን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና፥ «አንተ ሰው፥ የጣልኸኝ የጠላኸኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያም ሳቁ። እኛ ግን አልሳቅንም።

ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና ሙዚቃ አንሰማም፥ ከበሮም አንመታም አልን። በታኅሣሥ አውድማውን ጤፍ ስለ ያዘው በጋሼ ግቢ፥ ያለ ዜማ፥ «አንድ ሁለት ሦስት» እያልን በለሆሳስ እየቈጠርን ቀጠልን። ይህ እጅግ ጠቀመን፤ ዜማ በሌለበት የጓደኛ እስትንፋስ ይሰማል፥ ርምጃውን ሊያሳጥር ይሁን ሊያስረዝም አስቀድሞ ይታወቃል። ወደ ኋላ መሄድንም ያን ጊዜ ተማርን። ከገና በኋላ የጎረቤት ልጅ ከበሮ ይዞ መጣ፤ ከልማዱ ጭክጭካውን መታ። ጋሼ ሊያስቆሙት ሲሉ ባለቤታችን «ይተዉት» አሉ፤ የእስክስታችን ምት በስድስት የሚቈጠር ነውና፥ ለሁለት ሲከፈል ሁለት ጊዜ ሦስት ይወጣዋል፤ ስድስቱም አንድ ሙሉ ዙር ነው። በዜማ ቤት ስንት ዓመት የቈየን እኛ ሳንሰማው እርሳቸው ሰሙት።

ሠርጉ በጥር በባሕር ዳር ሆነ። የአዳራሹ ወለል እንደ በረዶ የሚያንሸራትት ሸክላ ነበር። ሙሽሮቹ ዞሩ፤ አማቾቻችንም ቀስ ባለው ዞረው እጅግ አማረባቸው። ተራው ለእኛ ሲደርስ ሙዚቃውን የሚያጫውተው ወጣት፥ ሳንነግረው፥ ፈጣኑን አመጣ። ሦስት መቶ ሰው ያየን ነበር፤ የመሥሪያ ቤት አለቆቻችንም ነበሩበት። ባለቤታችንን አቅርበን ያዝናቸው። በስምንተኛው ዙር ላይ የጆሯችን ውሃ ሲንቀሳቀስ ተሰማን፤ የአዳራሹም መብራት ወደ አንድ በኩል ማዘንበል ጀመረ። ባለቤታችን ፊታችንን አይተው በጆሯችን «አሁን ወደ ግራ» አሉን፤ ወደ ግራ ዞርን።

ቫልሱ እንዳበቃ ከበሮው ተመታና ጎጃሜው እስክስታ ተጀመረ። እኛም እንደ ልማዳችን ወደ ሽማግሌዎቹ ወንበር ልንመለስ ፊታችንን ስናዞር፥ ባለቤታችን እጃችንን አልለቀቁንም።