በሩ ተቆልፎ ብሩ የት ገባ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ወልቂጤ ውስጥ ካለ አንድ የኪራይ ግቢ ጩኸት ተሰማ። «ኧረ የዕቁብ ብሬን! ተበላሁ!»

በሩ በጓጉንቸር ተቆልፏል። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው። ቁልፉ ከባለብሯ አንገት ወርዶ አያውቅም። አልጋ ሥር የነበረው ቆርቆሮ ግን ባዶውን! 12 ሺህ ብር! ታዲያ ሌባው ጂኒ ነው እንዴ?

ግቢው ለማሰብ ጊዜ አላጠፋም። ጣት ሁሉ የአከራይዋ ሠራተኛ ላይ ተቀሰረ፤ የ15 ዓመት ልጅ ላይ። «ከሷ ሌላ ማን አለ?» ተባለ። ብትምል ብትገዘት ማን ይስማት! በዚያው ዕለት ጨርቋን ሰብስባ ወደ ገጠር ተሸኘች።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ዓይነቱ «የማይቻል» ወንጀል የደራስያን እንጀራ ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 እ.ኤ.አ. እናትና ልጅ የተገደሉበትን፣ ክፍሉ ግን ከውስጥ ተቆልፎ የተገኘበትን ታሪክ ጻፈ። ፈረንሳዊው ጋስቶን ለሩ በ1907 ቢጫ ክፍሉን ይዞ መጣ። ጆን ዲክሰን ካር ደግሞ በ1935 ባወጣው መጽሐፍ መርማሪውን ስለ ተቆለፈ ክፍል ዘዴዎች ሌክቸር አሰጠው!

የእንግሊዛዊው ቼስተርተን ግን ይለያል። በ1911 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ አራት ሰዎች በር ሲጠብቁ ቆዩና «ማንም አልገባም» አሉ። ለካስ ፖስተኛው ገብቶ ወጥቷል! አላዩትም አይደለም፤ ከሰው አልቆጠሩትም።

በኛም አገር ድሮ ሌባሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡታል፤ ከዚያ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ የለ፣ ጥያቄ የለ! ያ ቀርቷል ብለን ነበር። የወልቂጤው ግቢ ግን ያለ መድኃኒትም ሠራው።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ያጫወተችኝ ራሷ ባለብሯ ናት። አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው መጡ።

«ልጄ፣ ብሩን መጨረሻ የቆጠርሽው መቼ ነው?»

«ያለፈው እሑድ፣ አባባ።»

«ከዚያ ወዲህ እዚህ ማን ገባ?»

«ማንም!»

«ቡናስ አልጠጣችሁም?»

ያኔ ዝም አለች። ረቡዕ ዕለት እጮኛዋ ከቡታጅራ መጥቶ ነበር። ቡናው ሲፈላ ስኳር ልትገዛ ሱቅ ወጣች። በሩ ክፍት ነበር፤ ቤቱን ለሱ ትታ ነው የሄደችው! ጎበዙ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ሸሸገም አልቻለ። ብሩን በኳስ ውርርድ ጨርሶታል።

አያችሁ? የተቆለፈ ክፍል የሚባል ነገር አልነበረም። ብሩ የጠፋው ረቡዕ፣ የታወቀው ቅዳሜ ነው። ባለብሯ «ማንም» ስትልም አልዋሸችም፤ የሚወዱትን ሰው ማን ከተጠርጣሪ ይቆጥራል? ፖስተኛዋ እሱ ነበር።

ቀለበቱ ተመለሰ። ብሩም በስንት ልመና ተከፈለ። ባለብሯ ሠራተኛዋን ይቅርታ ልትጠይቅ ገጠር ድረስ ወረደች። ልጅቷ ይቅርታውን ተቀበለች፤ ወደዚያ ግቢ ግን አልመለስም አለች። ማን ይፈርድባታል?

እናም ወዳጆቼ፣ ዕቃ ሲጠፋባችሁ ከጣታችሁ በፊት ጥያቄያችሁን አውጡ። መጨረሻ ያየሁት መቼ ነው? በሩ የተከፈተው መቼ ነው? «ማንም» ስል ማንን ረሳሁ? ብር ይተካል። የሰው ስም ግን በዕቁብ አይወጣም!