ካላክላ ዳር ስለተነሳ ፎቶ ምን እንበል? የአስተያየት ተረትና እውነታ

ካላክላ ከካርቱም በስተደቡብ፣ ወደ ጀበል አውሊያ በሚወስደው መንገድ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። ከሱዳናውያኑ ጋር ተጎራብተው የሚኖሩ ሐበሾችም ነበሩበት። ዓርብ ሥራ ሲያርፍ ስልኩን ይዞ ወደ ወንዙ የሚወርድ ወጣት አይጠፋም ነበር። ጀልባውን፣ ሜዳውን፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ አንስቶ ይመለስ ነበር፤ ማታ ጀበናው ሲጣድ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። የሚሰማው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ “ዋው፣ ያምራል!” ወይ “ይሄ ምኑ ፎቶ ነው?”። በሁለቱም ወጣቱ ከነበረበት ፈቅ አይልም ነበር።

ችግሩ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም አለ። ካላክላን የመረጥኩት ስለ መልክዓ ምድር ፎቶ የምንለዋወጣቸው ምክሮች አብዛኞቹ ሌላ ሰማይ ሥር የተጻፉ በመሆናቸው ነው። እዚያ ወንዝ ዳር ሲመዘኑ የትኛው እውነት፣ የትኛው ተረት እንደሆነ ቶሎ ይለያል።

ተረት፦ “እውነት መራራ ናት፤ ጠንከር ያለ ትችት ነው ሰውን የሚያሳድገው”

በ1996 እ.ኤ.አ. አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ የተባሉ ተመራማሪዎች አስተያየት በሰው ሥራ ላይ ያለውን ውጤት የመረመሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው አሰሉ። በአማካይ አስተያየት ሥራን ያሻሽላል። ነገር ግን ከሲሶ በሚበልጡት አጋጣሚዎች አስተያየት ከተሰጠ በኋላ ሥራው ብሶ ተገኘ። እነሱ ያቀረቡት ማብራሪያ አስተያየቱ የሰውን ሐሳብ ከሥራው አንስቶ ወደ ራሱ ሲያዞረው ጥቅሙ ይቀንሳል የሚል ነው። ይህ ለስድብ ብቻ ሳይሆን ለውዳሴም ይሠራል። “አንተ እኮ ተሰጥኦ አለህ” የተባለ ልጅ በሚቀጥለው ዓርብ የሚያስበው ስለ ብርሃኑ ሳይሆን ስለ ስሙ ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ተጨምሮበታል። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው ግምገማ ተቀምጦ ያደገ ትውልድ፣ ሰው ፊት ስለ ሥራው ሲወራ ክስ የሚሰማ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ያለው ይሉኝታ ነው፤ ወዳጅን ላለማስቀየም ሁሉን “ቆንጆ ነው” ብሎ ማለፍ። ሁለቱም ስለ ሰውየው ናቸው፤ ፎቶው ላይ ምን እንዳለ አይናገሩም። “አንቺ አድማስ ማስተካከል አትችዪም” እና “እህቴ፣ አድማሱ ወደ ግራ ያዘነበለ መሰለኝ፣ ውሃው የሚፈስ ይመስላል” በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ከጨዋነት በላይ ነው። ሁለተኛው ነገ ምን እንደምታደርግ ይነግራታል።

ተረት፦ “አመስግን፣ ተች፣ እንደገና አመስግን”

ይህ በየሥልጠናው የሚሰጥ ዘዴ ነው። ሰሚው ግን “ግን” የምትለዋን ቃል መጠበቅ ቶሎ ይለምዳል፤ ከፊትና ከኋላ ያለውን ምስጋናም እንደ ማባበያ ይቆጥረዋል።

የተሻለ ሆኖ ያገኘሁትን መንገድ ያበጀችው ፎቶ አንሺ አይደለችም፤ ሊዝ ለርማን የተባለች አሜሪካዊት የዳንስ ባለሙያ በ1990 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው ነው። መጀመሪያ ተመልካቾቹ ከሥራው ውስጥ ምን እንደቀረባቸው፣ ምን እንዳስታወሳቸው ይናገራሉ። ቀጥሎ ሠሪው ራሱ ይጠይቃል። ከዚያ ተመልካቾቹ ፍርድ ያልተደበቀበት ጥያቄ ያቀርባሉ። የግል አስተያየት የሚመጣው በመጨረሻ፣ ያውም ሠሪው “እሺ፣ ንገሩኝ” ካለ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው እርከን ነው። “ሰማዩን ለምን ይህን ያህል ባዶ አደረግሽው?” የተባለች ፎቶ አንሺ ፍርዱን ቀድማ ሰምታለች። “ሰማዩን ይህን ያህል ሰፊ ስታደርጊው ምን እንዲሰማን ፈለግሽ?” የተባለችው ግን ታስባለች። ምናልባት መልስ ታጣ ይሆናል፤ መልስ ማጣቷን ራሷ ስታየው ከማንም ትችት በላይ ያስተምራታል።

ተረት፦ “አድማስ መሃል ላይ አይቀመጥም፤ ፎቶ በሦስት ይከፈላል”

ይህ ምክር በቡናው ዙሪያ እንደ ቀኖና ይነገራል። “የሦስት እጅ ሕግ” የሚለው ስያሜ የመጣው ጆን ቶማስ ስሚዝ ከተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ በ1797 እ.ኤ.አ. ስለ ገጠር መልክዓ ምድር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አቀረበው። ያኔ ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሠዓሊ ስለ እንግሊዝ ገጠር የሰጠው ሐሳብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ነጭ ዓባይ ካላክላ ላይ ሰፊና ዝግ ያለ ነው። ንፋስ በሌለበት ማለዳ ሰማዩ ውሃው ላይ ሲገለበጥ አድማሱን መሃል ማድረግ ትክክለኛ ምርጫ ሊሆን ይችላል። አስተያየት ሰጪው የሚጠይቀው ሕጉ ተጠብቋል ወይ ብሎ ሳይሆን ዓይኔ የት ሄደ፣ የት ቆመ፣ ለምን ከፎቶው ወጣ ብሎ ነው።

ተረት፦ “ወርቃማውን ሰዓት ጠብቅ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ታነሳለህ”

እዚህ ላይ ዘግየት ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው በዚህ ምክር ነውና። ወርቃማ ሰዓት የሚባለው ፀሐይ ወደ አድማስ ስትቀርብ ብርሃኗ የሚለሰልስበት ጊዜ ነው። ካርቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 15 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ናት። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ከአድማስ በላይ ስድስት ዲግሪ ላይ ካለችበት እስክትጠልቅ የሚፈጀው 25 ደቂቃ ያህል ነው። ለንደን ላይ በዚያው ወቅት ወደ 40 ደቂቃ ይጠጋል፤ በሰኔ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ “ቸኩለህ ነው ያነሳኸው፣ ቦታህን ሳትመርጥ” ብሎ መውቀስ የዚያን ሰማይ አለማወቅ ነው። የሚጠቅመው አስተያየት “በቀትር ሄደህ ቦታህን ምረጥ፣ አመሻሹ ላይ ለማንሳት ብቻ ተመለስ” የሚለው ነው።

ሌላም አለ። ሰፈሩ በምሥራቅ ዳርቻ ስለሆነ ወንዙ የሚታየው በስተምዕራብ ነው። ማታ ፀሐይዋ ውሃው ማዶ ትጠልቃለች፤ ጀልባውና ዓሣ አጥማጁ ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። “ፊቱ አይታይም” የሚል ትችት እዚህ ምን ማለት ነው? ፎቶ አንሺው ጥላውን ፈልጎ ከሆነ ስህተት የለም። ፊቱን ፈልጎ ከሆነ ምክሩ ማለዳ መሄድ ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ከጀርባው መጥቶ ውሃውንና የማዶውን ዳርቻ ያበራለታል። ይህን ለመለየት አስተያየት ሰጪው ከመናገሩ በፊት መጠየቅ አለበት፤ ጥያቄዋም “ምን ፈልገህ ነበር?” የምትል አጭር ናት።

ቀትሩም ቢሆን የተወገዘ አይደለም። በሚያዝያ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ፀሐይ ካርቱም ላይ አናት ትሆናለች፤ ጥላ ከእግር ሥር ይገባል። ሙቀቱን ማሳየት የፈለገ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰዓት አያገኝም።

ተረት፦ “አየሩ ደብዝዟል፣ ውሃው ደፍርሷል፤ ኤዲት አድርገህ አጥራው”

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ አስተያየት ይህ ነው። ሃቡብ የሚባለው የአቧራ ማዕበል ከክረምቱ ዝናብ በፊትና በዝናቡ ወራት ካርቱምን ይሸፍናታል። ሰማዩ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ ቡናማ ይሆናል፤ ማዶው ይጠፋል። የስልኩ ካሜራ ቀለም የሚያስተካክለው በራሱ ስለሆነ ያንን ቢጫ እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደ ግራጫ ይጎትተዋል። ነጣ ያለ አሸዋና ብሩህ ሰማይ በሞላበት ፍሬም ደግሞ ካሜራው ሁሉን ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚያመጣ ፎቶው ይጨልማል። እንግዲህ ልጁ ያየውን ቢጫ ሰማይ ለመመለስ ሲታገል “አየሩን አጥራው” ማለት ቦታውን ከፎቶው ማጥፋት ነው። ይልቅ “አቧራው እንዲሰማኝ ከፈለግህ ከፊት ለፊት ጠቆር ያለ ነገር፣ ዛፍ ወይም ረክሻ (ባጃጅ)፣ ብታስገባ ርቀቱ ይለየኝ ነበር” ማለት ይቻላል።

ውሃውም እንዲሁ ነው። አል ሞግረን ላይ፣ ከቱቲ ደሴት አጠገብ፣ ሁለቱ ዓባዮች ይገናኛሉ። በጎርፍ ወቅት ከእኛ ደጋ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ አፈር አዝሎ ይመጣል፤ ኃይሉም ነጭ ዓባይን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ በካላክላ በኩል ያለው ውሃ ይብስ ዝግ ይላል። ከጎጃምና ከወሎ ተጠርጎ የሄደ አፈር ካርቱም ላይ ቀለም ሆኖ ሲታይ፣ ያንን ያነሳ ኢትዮጵያዊ “ወንዙን ሰማያዊ አድርገው” መባል የለበትም። ትክክለኛው ጥያቄ “በየትኛው ወር ተነሳ?” ነው።

ይህ ማለት ግን ኤዲት ማድረግ ማጭበርበር ነው ማለት አይደለም፤ እሱም ሌላ ተረት ነው። አንሰል አዳምስ በ1941 እ.ኤ.አ. ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በሄርናንዴዝ መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ ያነሳበት ፎቶ በዓለም ከታወቁት የመልክዓ ምድር ፎቶዎች አንዱ ነው። ከዚያው አንድ ኔጋቲቭ ለአሥርት ዓመታት ሲያትም ሰማዩን እያጠቆረው ሄደ። የለወጠው ያየውን ለማጉላት ነው። ስለ ኤዲት አስተያየት ስንሰጥ መለኪያችን ይህ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለውጡ ያየኸውን አጎላው ወይስ ሸፈነው?

ተረት፦ “ለምን ቀረብ አላልክም? ለምን ድልድዩ ላይ አልወጣህም?”

ሱዳን ውስጥ ፎቶ ለማንሳት ለዓመታት ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ድልድይና ወታደራዊ ስፍራ ማንሳት ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነበር። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ትልቅ ካሜራ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አይወጣም። ፎቶው ከሩቅ፣ በስልክ፣ ከዛፍ ሥር መነሳቱ የስንፍና ምልክት ላይሆን ይችላል። ሊደረግ የማይችል ምክር፣ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ለተቀባዩ ሸክም ነው።

በተቃራኒው “ካሜራ የማያውቅ ሰው ስለ ፎቶ ምን ያውቃል?” ይባላል። ዓሣ አጥማጁ ውሃው የሚረጋበትን ሰዓት ያውቃል፤ ሻይ የምትሸጠው እናት የትኛው ዛፍ ጥላው የት እንደሚወድቅ ታውቃለች። ከታወቁት ፎቶ አንሺዎቻችን አንዱ የሆነው ሚካኤል ጸጋዬም ወደ ካሜራ የመጣው ከሥዕል ነው፤ የዘይት ቀለም አለርጂ ሆኖበት ብሩሹን ተወ። ፍሬምን ማየት ከካሜራ በፊት የሚጀምር ነገር ነው።

አስተያየት ለጀማሪ ብቻ ነው የሚለውም አያስኬድም። አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. ባቋቋመችው አዲስ ፎቶ ፌስት ላይ ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች ሥራቸውን ይዘው ከኤዲተሮችና ከኤግዚቢሽን አዘጋጆች ፊት ተቀምጠዋል። ከመጡባቸውም ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

ስለ ተቀባዩ ሁለት ተረቶች አሉ፤ አንዱ “ያልወደደው ቀንቶ ነው”፣ ሌላው “የተባልኩትን ሁሉ መቀበል ትሕትና ነው”። የመጀመሪያው ጆሮን ይዘጋል። ሁለተኛው ደግ ስለሚመስል የባሰ ይጎዳል፤ አንዱ ጨለመ ሲለው ያበራል፣ ሌላው በራ ሲለው ያጨልማል፣ በመጨረሻ ፎቶው የማንም አይሆንም። አስተያየት የሚቀበል ሰው “እንዴት ነው?” ብሎ ባይጠይቅ ይሻለዋል፤ “እንዴት ነው?” የሚል ጥያቄ “ቆንጆ ነው” የሚል መልስ ይወልዳል። “መጀመሪያ ዓይንህ የት አረፈ?” ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያ ፎቶውን ሳያብራራ ዝም ይበል። ጀልባዋን ለማሳየት አንስቶ ሁሉም ከጥግ ያለችውን ነጭ ፌስታል የሚጠቁሙ ከሆነ፣ ስለ ጀልባዋ የሚያደርገው ረጅም ማብራሪያ ፌስታሏን አያነሳትም። ሳይመካከሩ ሦስት ሰዎች ያንኑ ነገር ካሉ ማረም ነው። አንድ ሰው ብቻ ካለ፣ ያ ሰው ምን ዓይነት ፎቶ እንደሚወድ አስቦ መወሰን የባለቤቱ ፋንታ ነው።

የመጨረሻው ተረት “መጥፎ ፎቶ ይጥፋ” የሚለው ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሳ፤ ካላክላም ከሚተኮስባቸውና ከሚደበደቡ ሰፈሮች አንዷ ሆነች። ብዙ ኢትዮጵያውያን በገላባት በኩል ወደ መተማ ተመለሱ፤ ስልክ በየኬላው እየተፈተሸ በተነጠቀበት በዚያ ጉዞ ስንቱ ፎቶ እንደጠፋ ማን ይቆጥረዋል። ዛሬ አድማሱ የተጣመመ፣ ብርሃኑ የጨለመ፣ ጥጉ ላይ ጣት የገባበት የ2014 ዓ.ም. የካላክላ ፎቶ በአንድ ሰው እጅ ካለ፣ ስለ ሦስት እጅ ክፍፍል የሚወራበት ጊዜ አይደለም። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ፊት የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ የትኛው ዳርቻ ነው? ከኋላ ያለው ቤት የማን ነበር? በየትኛው ወር፣ ወደ የት አቅጣጫ ቆመህ አነሳኸው? መልሱ በጽሑፍ ይያዝ። ኤዲት የሚደረገው ቅጂው ይሁን፤ ዋናው ሳይነካ ይቀመጥ። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ እንደ ፎቶ የተላከው ተጨምቆ ዝርዝሩን ያጣል።