በለስና ቁልቋል

«በለስ» የሚለው ስም የአንድ ተክል ብቻ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት አዳምና ሔዋን ቅጠሉን ሰፍተው ያገለደሙት በለስ የሾላ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። በክረምት በየመንገዱ ዳር እየተላጠ የሚሸጠው እሾሃማው በለስ ግን የትውልድ አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ብዙ ሰዎች ተክሉን «ቁልቋል» ይሉታል። ይሁን እንጂ ከአገራችን ቁልቋል ጋር ዝምድና የለውም። ልዩነቱን ለማወቅ ብትሹ የተቆረጠውን ስፍራ ተመልከቱ፤ ከቁልቋል ነጭ ወተት ይፈሳል፤ ዓይን ውስጥ ቢገባም ክፉኛ ይጎዳል። ከበለስ የሚወጣው ዝልግልግ ፈሳሽ ግን ወተት አይመስልም።

ቅጠል የሚመስላችሁ ጠፍጣፋ አካል በእርግጥ ግንዱ ነው። በለስ የአየር ቀዳዳዎቹን በአብዛኛው የሚከፍተው ሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐይ ስትበረታ ስለሚዘጋቸው ውኃው በከንቱ አይተንበትም። በበጋ ሣር ሲጠፋ ገበሬው እሾሁን በእሳት ለብልቦ ግንዱን ለከብቶቹ መስጠቱም ስለዚሁ ውኃ ነው።

ፍሬው የሚበስልበትን ጊዜ ልብ በሉ። በክረምት የአምናው እህል ከጎተራ ያልቃል፤ አዲሱም ገና አልደረሰም። በምሥራቅና በደቡብ ትግራይ ለሚኖር ብዙ ቤተሰብ በለስ ያን ክፉ ጊዜ ማሳለፊያ ምግብ ነው። ፍሬውን የምትለቅሙ ብትሆኑ ከረዣዥሞቹ እሾሆች ይልቅ እንደ ጸጉር የቀጠኑትን ፍሩ፤ እጅ ላይ ከተሰኩ በቀላሉ አይገኙም። ስለዚህ ለቃሚዎች ፍሬውን መሬት ላይ አፍስሰው በቅጠል ደጋግመው ይጠርጉታል። ከዚያም ሁለቱ ጫፎች ተቆርጠው፣ ልጣጩ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይገለጣል። ዘሩ ብዙና ጠንካራ ስለሆነ ከመጠን በላይ የበላ ሰው ሆዱ ይደርቃል፤ ጣዕሙ ግን ይህን ያስረሳል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ኮቺኒል የሚባሉ ጥቃቅን ነፍሳት ወደ ትግራይ ገቡ። እነዚህ ነፍሳት የበለስን ፈሳሽ እየመጠጡ ይኖራሉ፤ ደርቀው ሲፈጩም ለምግብና ለጨርቅ የሚያገለግል ቀይ ቀለም ይሰጣሉ። የታሰበውም ቀለሙን ለገበያ ማቅረብ ነበር። ሆኖም ነፍሳቱ ከቁጥጥር ወጥተው በደቡብ ትግራይ በሰፊው ተዛመቱ። በትውልድ አገራቸው የሚበሏቸው ሌሎች ነፍሳት ቁጥራቸውን ይገቱታል፤ እዚህ ግን እንዲህ ያለ በቂ ጠላት አላገኙም። ጥጥ የመሰለው ነጭ ሽፋናቸው የወረሰው ግንድ ይጠወልጋል፤ ፍሬ መስጠቱንም ይተዋል። በዚህን ጊዜ ገበሬው የተያዘውን ክፍል ቆርጦ ይቀብራል ወይም ያቃጥላል።