የመሪ ፊልም የማን ነው? ቀራጩ፣ ቆራጩና አስቀማጩ

ዛሬ የምናየው መሪዎች የቢሮ ሥራቸውንና የቤታቸውን ኑሮ በካሜራ ስለማስቀረጻቸው ነው። «ይሄ ደግሞ ምን ዜና ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እስቲ መጀመሪያ አንድ ፊልም በአገራችን ያደረገውን እናስታውስ።

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አንድ ፊልም አሳየ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ከዓመት በፊት በአገሩ ያሳየው ነው። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። በረሃብተኛው ምስል መሃል የቤተ መንግሥት ድግስና ጃንሆይ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ቀረጻ አስገባበት። በማግስቱ መስከረም 2 ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወረዱ።

ልብ በሉ፣ ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ግን የቤተ መንግሥት ድግስ ሲቀረጽ ለክብር ነው የሚቀረጸው። ያው ምስል በሌላ ሰው መቀስ ሲቆረጥ የክስ ማስረጃ ሆነ። ስለዚህ የመሪ ፊልም ስናይ ሦስት ጥያቄ አለ፦ ማን ቀረጸው? ማን ቆረጠው? ያልተቆረጠውስ ማን ጋ ነው?

ሌሎቹ ይሄን እንዴት ፈቱት? (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካንን እንይ። ኬኔዲ በ1961 ሥልጣን ሲይዙ ሴሲል ስቶውተን የሚባል የጦር ሠራዊት መኮንን የዋይት ሃውስ ፎቶ አንሺ ሆነ። በጆንሰን ዘመን ደግሞ የባሕር ኃይሉ የፊልም ክፍል «ፕሬዚዳንቱ» እያለ በየወሩ ፊልም ይሠራ ነበር። በጆንሰን ስም በተሰየመው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ዛሬ ማንም ያየዋል።

ሕግ የመጣው ግን በጠብ ነው። ኒክሰን ከሥልጣን የለቀቁት ነሐሴ 1974 ነው፤ ጃንሆይ ከመውረዳቸው አንድ ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። ኒክሰን የቢሮአቸውን የድምፅ ካሴትና ወረቀት «የራሴ ነው» ብለው ሊወስዱ ሲሉ ምክር ቤቱ በሕግ አገዳቸው። በ1978 ደግሞ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ወጣ፦ ከ1981 ጀምሮ ሥልጣን የሚይዝ ፕሬዚዳንት የሥራው መዝገብ፣ ፊልሙም ጭምር፣ የሕዝብ ነው፤ የግሉ የሆነው ለግሉ ይቀራል። እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ ሰሞን ሁለት መሪ ወረደ። እዚያ ሕግ ተረፋቸው፤ እኛ ጋ ፊልሙ ከአንዱ ባለጊዜ ወደ ሌላው እጅ ተላለፈ።

እዚህ ሆላንድ ፕሬዚዳንት የለም፣ ንጉሥ ነው ያለው። መፍትሔውም ሌላ ነው። በ2005 የመንግሥት መረጃ አገልግሎቱ «ሜዲያኮድ» የሚባል ደንብ አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የንጉሣውያኑን ቤተሰብ በግል ጊዜያቸው አትከታተሉ፤ በምትኩ በተቀጠረ ቀን ጠርተን እናስነሳችኋለን። አሶሺየትድ ፕሬስ በአርጀንቲና ዕረፍታቸው ላይ የተነሳ ፎቶ በማሰራጨቱ በ2009 አምስተርዳም ፍርድ ቤት ተረታ።

ግን ደንቡም ልክ አለው። በጥቅምት 2020፣ በኮሮና ምክንያት ሕዝቡ ጉዞ ቀንሱ በተባለበት ሰዓት ቤተሰቡ ለዕረፍት ግሪክ ሄደ። ቁጣው ሲነሳ ወዲያው ተመለሱ፤ ንጉሡና ንግሥቲቱም በቪዲዮ ቀርበው ተጸጸትን አሉ። የግል ጉዞው የሕዝብ ጉዳይ ሆነ። እኔ በምኖርባት ዴልፍት ኒውወ ኬርክ የሚባለውን ቤተ ክርስቲያን ትኬት ቆርጦ ማየት ይቻላል፤ ሥሩ ያለው የንጉሣውያኑ መቃብር ክፍል ግን ለሕዝብ ዝግ ነው። እንዲህ ወሰኑ የታወቀ ሲሆን ጠብ ይቀንሳል።

ወደ እኛ እንምጣ። ዛሬ የመሪዎቻችን ጽሕፈት ቤት ቪዲዮ በየጊዜው ይለቃል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንግዳ አሳፍረው ራሳቸው ሲነዱም አይተናል። ታክሲ ነጂ ነኝና መንዳቱን አልነቅፍም! የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ከሃያ ዓመት በኋላ ያልተቆረጠውን ቀረጻ ማን ያገኘዋል? የሚቀጥለው ባለጊዜ ብቻ ከሆነ የ1967ቱ እንቁጣጣሽ ይደገማል።

የሚያስቀናውን ልንገራችሁ። ዴን ሃግ፣ ሴንትራል ጣቢያው አጠገብ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አኔፎ የተባለውን የፎቶ ድርጅት ስብስብ ይዟል። ጃንሆይ በ1954 ሆላንድን ሲጎበኙ፣ ንግሥት ዩሊያናም በ1969 ኢትዮጵያ ስትሄድ የተነሱት ፎቶዎች እዚያ አሉ። በድረ ገጹ የጃንሆይን ስም በላቲን ፊደል አስገቡና ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ክፍያ የለውም። የእኛን ታሪክ ባዕድ በሥርዓት አስቀምጦታል፤ ለእኛ ከዚህ በላይ የሚያሳፍር የለም።

ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ቁራጭ ቪዲዮ ሲላክላችሁ፣ የምትወዱት መሪም ይሁን የምትጠሉት፣ ሳታስተላልፉ በፊት ሦስቱን ጥያቄ ጠይቁ። ለአገራችን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቅ፦ የመሪ የሥራ ፊልም የቤተ መንግሥትም የፓርቲም ሳይሆን የሕዝብ ነው የሚል፣ የልጆቹን ጓዳ ደግሞ የሚከልል ሕግ። መሪ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ፊልሙ ግን አብሮት መሄድ የለበትም።

ቸር ያሰማን።