የተራዘመ ዕዳ የተሰረዘ ዕዳ አይደለም

ሥራ በድንገት ሲቋረጥ የባንክ ብድር ያለበት ቤተሰብ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ የሕንድን ሕዝብ ቤት ባዋለበት ወቅት፣ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ የብድር ክፍያ ለ3 ወራት እንዲራዘም ፈቀደ፤ ቆይቶም ሌላ 3 ወር ጨመረ፡፡

ለቀለብና ለመድኃኒት ፋታ ተገኘ፡፡ ወለዱ ግን መቁጠሩን አላቆመም፡፡ ተበዳሪዎች አቤት በማለታቸው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 2021 ለነዚያ ወራት በወለድ ላይ ወለድ እንዳይታሰብ ወሰነ፤ መደበኛው ወለድ ግን አልተሰረዘም፡፡

እንግዲህ እህቶች፣ መክፈል የሚችል ሳያቋርጥ ቢከፍል ይጠቀማል፡፡ ላልቻለ ፋታው ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ያድናል፡፡ ሆኖም ባልና ሚስት ከመፈረማቸው በፊት «ወለዱ ይቆማል ወይስ ይደመራል?» ብለው ባንኩን ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ፡፡