ስለ ዓይነ ኅሊና

ሦስት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው የእናታቸውን ፊት ቢያስቡ፥ አንዱ መልኳን እንደ ፎቶግራፍ አጥርቶ ያያል፤ ሁለተኛው በጭጋግ ውስጥ እንዳለ ደብዝዞ ይታየዋል፤ ሦስተኛው ግን ከጨለማ በቀር ምንም አያይም።

ፍራንሲስ ጎልተን የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ይህን ነገር መርምሮ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. ጽፏል። እርሱም ብዙ ሰዎችን፥ ጧት ቁርስ የበሉበትን ገበታ እንዲያስቡ አድርጎ፥ ሥዕሉ ብሩህ እንደ ሆነ፥ ቀለሙም እንደሚለይ ጠየቃቸው። አንዳንዶቹ ገበታው በፊታቸው እንደ ተዘረጋ ሁሉ አስረዱ። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ ግን በጥያቄው ተደነቁ። በኅሊና ማየት የሚባለው ለንግግር ማሳመሪያ ብቻ ይመስላቸው ነበርና፥ እነርሱ የማያዩትን ሌላው ያያል ብለው አልጠረጠሩም።

በዚሁ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. አዳም ዜማን የተባለ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋራ ለዚህ ሁኔታ አፋንታዥያ የሚል ስም አወጣለት። ይህም የአእምሮ ጉድለት አይደለም። በኮምፒዩተር በሚሠራ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ስመ ጥር የሆነው አሜሪካዊው ኤድ ካትሙል፥ ራሱ በኅሊናው ሥዕል እንደማያይ በ2019 ዓ.ም. ተናግሯል።

ስለዚህ «ዓይንህን ጨፍነህ ተመልከት» ተብሎ ምንም ያልታየውን ልጅ፥ ሰነፍ ነው ወይም ልቡ ሌላ ዘንድ ነው አትበሉት። በቃል ቢያስረዱት፥ ወይም በወረቀት ሥለው ቢያሳዩት ያስተውላል። ማንም በገዛ ልቡ የባልንጀራውን ልብ ሊለካ አይችልም፤ ጠይቆ ለመረዳት ግን ይችላል።