የሚሽከረከር የኮምፖስት በርሜል

የሚሽከረከር የኮምፖስት በርሜል ከወጥ ቤት፣ ከጓሮና ከበረት የሚወጣን ብስባሽ ነገር ወደ ኮምፖስት ለመቀየር የሚያገለግል፣ በዘንግ ላይ የሚዞር፣ በር ያለው ዕቃ ነው። ኮምፖስት ጥቃቅን ተሕዋስያን በአየርና በእርጥበት እየታገዙ ከዕፅዋትና ከእንስሳት ተረፈ ምርት የሚያብላሉት የተፈጥሮ ማዳበሪያ ነው። በኢትዮጵያ ኮምፖስት በብዛት የሚዘጋጀው በጉድጓድ ወይም በክምር ነው። በርሜሉ ጠባብ ግቢ ላለው የከተማ ነዋሪ የሚሆን ሌላ አማራጭ ነው። ይህ መጣጥፍ የበርሜሉን አሠራርና አጠቃቀም፣ በተለይም እንደ ደባርቅና ዳባት ባሉ የሰሜን ተራሮች ግርጌ ከተሞች ደጋማ አየር ምን ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ይገልጻል።

አሠራርና ክፍሎች

በርሜሉ የሚከተሉት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፦

• ገላ፦ ከፕላስቲክ ወይም ከብረት የተሠራ። በቤት ለሚሠራው 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ በርሜል ይበቃል።
• ዘንግ፦ በበርሜሉ መሐል አልፎ በሁለት ቋሚዎች ላይ የሚያርፍ የብረት ቱቦ።
• በር፦ በበርሜሉ ጎን ላይ ተቆርጦ ማጠፊያና መቀርቀሪያ የሚገባለት።
• የአየር ቀዳዳዎች፦ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው፣ በዙሪያው የተበሱ። ከታች የሚውሉት ትርፍ ውኃም ያወጣሉ።
• መቅዘፊያ፦ በውስጥ በኩል የሚታሰር ጣውላ ወይም ብረት። በርሜሉ ሲዞር ድብልቁን ያነሣና መልሶ ይጥለዋል።

የመሽከርከሩ ዋና ጥቅም አየር ማስገባት ነው። ኮምፖስትን በፍጥነትና ያለ መጥፎ ሽታ የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። አየር ሲያጡ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታውን ይይዛሉ። ያን ጊዜ ሥራው ይዘገያል፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታም ይመጣል። በክምር ላይ በአካፋ የሚደረገው የማገላበጥ ሥራ በበርሜል ጥቂት ዙር በማሽከርከር ይተካል።

ዘንግና ቋሚ ማሠራት የማይችል ሰው ክዳኑ በደንብ የሚገጥም በርሜል በስቶ በሜዳ ላይ ማንከባለል ይችላል። ሆኖም ግማሽ የሞላ በርሜልም ከባድ ስለሆነ ይህ ተዳፋት በሆነ ግቢ አይመከርም። ፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ሌላ ኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት ይዞ የነበረ በርሜል ለኮምፖስት መዋል የለበትም።

አመጣጥ

ብስባሽን ለማዳበሪያ ማዋል ከጥንት ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። በዘመናዊ መልክ ሥርዓት ካበጁለት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የግብርና ተመራማሪ አልበርት ሃዋርድ ነው። ሃዋርድ እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1931 በሕንድ አገር በኢንዶር ከተማ ሲሠራ፣ የእንስሳት ፍግና የዕፅዋት ተረፈ ምርት እየተነባበረ በየጊዜው የሚገላበጥበትን ዘዴ አዳበረ። ዘዴው በከተማዋ ስም የኢንዶር ዘዴ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ በዴንማርክ የከተማ ቆሻሻን በትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል የሚያብላላ፣ ዳኖ የተባለ አሠራር ተጀመረ። የቤት በርሜል በዚሁ መርህ የሚሠራ አነስተኛ መሣሪያ ነው።

በኢትዮጵያ የኮምፖስት ሥራ ከዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ከባለቤታቸው ከሱ ኤድዋርድስ ስም ጋር ተያይዞ ይነሣል። የመሠረቱት የዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከገበሬዎች ጋር የኮምፖስት ፕሮጀክት ጀመረ። በኮምፖስት የለሙ ማሳዎች ምንም ካልተጨመረባቸው የበለጠ ምርት እንደሰጡ፣ በብዙ ሰብሎችም ከኬሚካል ማዳበሪያ ጋር እንደተፎካከሩ ኢንስቲትዩቱ ዘግቧል። ይህ ሥራ በጉድጓድና በክምር እንጂ በበርሜል የተካሄደ አልነበረም።

በሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለው ሁኔታ

ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ዳባት በዚያው መንገድ ላይ፣ ወደ ጎንደር ቀረብ ብላ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሁለቱም ደጋ ናቸው። በአካባቢው ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ይመረታሉ።

በደጋው አገር ለኮምፖስት የሚሆነው ነገር ሁሉ ሌላ ፈላጊ አለው። እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ገለባና ጭድ የከብት መኖ ናቸው። የጠላ አተላም ብዙውን ጊዜ ለከብት ይሰጣል። ኩበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከሞላ ጎደል ወደ አየር ይሄዳል። ፎስፈረስና ፖታሲየም በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ፤ አመዱ ወደ ማሳ ካልተመለሰ ግን እነሱም ለአፈሩ ጠፍተዋል። በዚህ ላይ ዝናብ የተዳፋቱን አፈር ይሸረሽራል። ሰብል በየዓመቱ ከአፈሩ የሚወስደው ሳይመለስ ሲቀር ማሳው እየደኸየ ይሄዳል።

ስለዚህ በርሜሉ ይበልጥ የሚጠቅመው ለማገዶም ለመኖም የማይሆነውን ሲቀበል ነው። የዚህ ዓይነቱ ነገር የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ከብት የረገጠውና የቆሸሸ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ ካርቶን፣ አረምና የደረቀ ቅጠል ነው።

የሚገባውና የማይገባው

ጥሩ ኮምፖስት የሁለት ዓይነት ነገሮች ቅልቅል ነው። በአንድ ወገን ናይትሮጅን የበዛባቸው እርጥብ ነገሮች አሉ፦ የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠል፣ ዘር ያላፈራ አረም፣ የቡና አተላ፣ እበት፣ የበግና የፍየል በጠጥ፣ ፋንድያና የዶሮ ኩስ። በሌላ ወገን ካርቦን የበዛባቸው ደረቅ ነገሮች አሉ፦ ገለባ፣ የደረቀ ቅጠል፣ ሰጋቱራና የተቀዳደደ ካርቶን። ተሕዋስያኑ በደንብ የሚሠሩት ለ1 እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ ነው። በቤት ይህን መለካት ስለማይቻል፣ በመጠን 1 ቁና እርጥብ ከ2 ቁና ደረቅ ጋር ጀምሮ እንደ ሁኔታው ማስተካከል የተለመደ ነው።

ወደ በርሜሉ መግባት የሌለባቸው፦

• ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅቤ፣ ዘይትና የተረፈ ወጥ፦ ይሸታሉ፣ አይጥና ዝንብ ይስባሉ፤ ወጥ ደግሞ ጨው አለው።
• የሰው፣ የውሻና የድመት ዓይነ ምድር፦ የወስፋትና የሌሎች ጥገኛ ትሎች ዕንቁላል ሊኖርበት ይችላል።
• ዘር ያፈራ አረም፦ በቂ ሙቀት ካላገኘ ዘሩ ተመልሶ ይበቅላል።
• ብዙ የባሕር ዛፍ ቅጠል፦ በውስጡ ያለው ዘይት ብስባሴውን ያዘገያል።
• ብዙ አመድ፦ ድብልቁን አልካላይን በማድረግ ናይትሮጅኑን በአሞንያ መልክ ያባርራል። ጥቂት እፍኝ አይጎዳም።
• ፌስታልና ማንኛውም ፕላስቲክ።

የነጭ ሽንኩርት በሽታ አደጋ

ነጭ ሽንኩርት በሚመረትበት አካባቢ ልዩ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ በሽታ አለ። ስክሌሮቲየም ሴፒቮሩም የተባለ ፈንገስ የሽንኩርትን ሥርና ራስ ያበሰብሳል። በታመመው ተክል ግርጌ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገርና በጣም ጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ይታያሉ። እነዚህ ፍሬዎች በአፈር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ ሳይሞቱ ሊቆዩ ይችላሉ። አንዴ የገባበት መሬት ለረጅም ዘመን ለሽንኩርት ዘር የማይሆን ይሆናል።

የቤት በርሜል ፈንገሱን የሚገድል ሙቀት በሁሉም ቦታው ለማግኘቱ ዋስትና የለም። ስለዚህ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ሥሩና አፈር የያዘው የራሱ ልጣጭ ወደ በርሜሉ ባይገባ ይመረጣል። ከገባ ደግሞ ኮምፖስቱ ሽንኩርት በማይተከልበት ቦታ ብቻ መዋል አለበት። ዋግ የመታው የድንች ግንድና የበሰበሰ ድንችም እንዲሁ ከበርሜሉ መራቅ አለባቸው።

አሞላልና አያያዝ

1. ከታች 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ገለባ ወይም ካርቶን ይደረጋል።
2. የሚገባው ነገር ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይቆራረጣል። ትልልቅ ቁራጭ ይዘገያል፤ በጣም የደቀቀ ደግሞ ታፍኖ አየር ያጣል።
3. አንድ እፍኝ የቆየ ኮምፖስት ወይም የጓሮ አፈር ይጨመራል፤ ተሕዋስያኑ የሚመጡት ከዚህ ነው።
4. እርጥብ ነገር በተጨመረ ቁጥር ደረቅ ይጨመራል። በርሜሉ ከሦስት አራተኛ በላይ መሙላት የለበትም፤ ባዶ ቦታ ከሌለው ቢዞርም አይገላበጥም።
5. ከሞላ በኋላ አዲስ ነገር መጨመር ይቆማል። በየቀኑ የሚጨመርበት በርሜል መቼም እኩል አይበስልም። እስከዚያ የሚገኘው ልጣጭ በሌላ ዕቃ ወይም በሁለተኛ በርሜል ይጠራቀማል።
6. በየ2 ወይም 3 ቀኑ ከ3 እስከ 5 ዙር ይሽከረከራል። ከዚህ አብዝቶ ማሽከርከር ሙቀቱን ያባክናል።

የእርጥበቱ ልክ በእጅ ይታወቃል። አንድ እፍኝ ተወስዶ ሲጨመቅ እንደተጨመቀ ጨርቅ እርጥብ ሆኖ ጥቂት ጠብታ ብቻ ማውጣት አለበት። ውኃ ከፈሰሰው ደረቅ ነገር፣ ከተበታተነ ውኃ ይጨመራል።

ሙቀትና የደጋ አየር

ተሕዋስያኑ ሲሠሩ ሙቀት ያመነጫሉ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ድብልቁ በሙሉ ለ3 ተከታታይ ቀናት 55 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከቆየ አብዛኞቹ የበሽታ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ነገር ግን ሙቀትን ለመያዝ መጠን ያስፈልጋል። ለክምር ብዙ ጊዜ የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን 1 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 1,000 ሊትር ነው። በ200 ሊትር በርሜል ውስጥ ያለው ድብልቅ 150 ሊትር ያህል በመሆኑ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

በደጋ ይህ ጎልቶ ይታያል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፣ አመዳይም ይጥላል። ጉዳቱን ለመቀነስ በርሜሉ ፀሐይ በሚያገኝበትና ነፋስ በማይመታው ቦታ ይቀመጣል። ሌሊት ገለባ በተሞላ ጆንያ ይሸፈናል፤ ቀዳዳዎቹ ግን መዘጋት የለባቸውም። በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ እርጥበቱን በየሳምንቱ መፈተሽ፣ በክረምት ደግሞ በርሜሉን ከዝናብ ማስጠለል ያስፈልጋል።

አመቺው የመሙያ ጊዜ አረምና ለምለም ቅጠል የሚበዛበት መስከረምና ጥቅምት ነው። በዚህ ጊዜ የተሞላ በርሜል በብርዱ ወራት ቢዘገይም ለግንቦትና ለሰኔ ተከላ ይደርሳል። በሞቃት አገር ከ2 እስከ 3 ወር የሚበቃው ሥራ በደጋ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

የተለመዱ ችግሮች

• የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፦ እርጥበት በዝቷል፣ አየር አንሷል። ገለባ ወይም ካርቶን ጨምሮ ማሽከርከር።
• አፍንጫን የሚሰነፍጥ የአሞንያ ሽታ፦ ናይትሮጅን በዝቷል። ሰጋቱራ ወይም ገለባ መጨመር።
• ድብልቁ እንደ ኳስ መጠቅለል፦ እርጥብ በሆነ ድብልቅ ላይ የሚታይ የበርሜል ልዩ ችግር ነው። በእጅ ወይም በዱላ ሰብሮ ደረቅ ነገር መጨመር።
• ምንም ለውጥ አለመታየት፦ ደርቋል ወይም ናይትሮጅን አንሶታል። ውኃና ትኩስ እበት መጨመር።
• ዝንብ፦ ልጣጩ ከላይ ተጋልጧል። በደረቅ ነገር መሸፈን።

መብሰሉን ማወቅ

የበሰለ ኮምፖስት ጥቁር ቡናማ ነው፣ የዝናብ አፈር ይሸታል፤ መነሻውም አይለይም። ከበርሜሉ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 4 ሳምንት በጆንያ ወይም በጥላ ሥር ማቆየት ያስፈልጋል። ያልበሰለ ኮምፖስት ለጋ ሥርን ይጎዳል።

በብዙ አገሮች ለዚህ ፍተሻ የሚውለው ተክል በኢትዮጵያ ገበያ የሚታወቀው ፌጦ ነው። ፌጦ በኮምፖስቱ ላይና ለማነጻጸሪያ በተራ አፈር ላይ ይዘራል። በሁለቱም ላይ እኩል ከበቀለ ኮምፖስቱ ለተክል ደርሷል። በኮምፖስቱ ላይ ካልበቀለ ወይም ከገረጣ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል።

አጠቃቀምና ገደብ

150 ሊትር ድብልቅ ሲበስል ወደ ግማሽ ወይም ወደ ሲሶ ይቀንሳል። ከአንድ ዙር የሚገኘው ከ50 እስከ 75 ሊትር ነው። ይህ በ2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢበተን ከ2.5 እስከ 3.75 ካሬ ሜትር መደብ ይሸፍናል፤ ለጎመን፣ ለሰላጣ ወይም ለችግኝ ማፍያ የሚበቃ ነው። በአንጻሩ 1 ሄክታር ማሳ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ለመሸፈን 10,000 ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ በርሜል ለጓሮ እንጂ ለእርሻ ማሳ አይሆንም፤ ለማሳ ጉድጓድና ክምር ይሻላሉ።

እበት ወይም በጠጥ ያለበት ድብልቅ በቂ ሙቀት ማግኘቱ ካልተረጋገጠ እንደ ጥሬ ፍግ መታየት አለበት። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሬ ፍግ አፈር ለሚነካ ምግብ ከአዝመራው 120 ቀን፣ ለማይነካው 90 ቀን አስቀድሞ እንዲገባ ያዝዛል። ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣና ካሮት ይህ ጥሩ መለኪያ ነው።

የተዘጋ በርሜል ከክፍት ክምር የሚሻልበት አንድ ነገር ውሻና አይጥ አለማስገባቱ ነው። ይህ በደባርቅ አካባቢ ከጽዳት ያለፈ ትርጉም አለው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከሚያሰጉት ነገሮች ዋነኞቹ ከቤት ውሻ የሚተላለፉት የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ናቸው፤ የምግብ ትርፍራፊ የተጣለበት ክፍት ቦታ ደግሞ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ይመግባል።